ዳኛው ስለ ወንድሜ ብሔር የተናገሩት መዝገብ ላይ የለም፤ አቤቱታውን በምን ላስደግፍ?

ጤና ይስጥልኝ። የወንድሜ የወንጀል ክስ ጎንደር ላይ እየታየ ነው። ዋስትናውን ሲከለክሉት ዳኛው «የእናንተ ብሔር ሰው ዋስ ጠርቶም ይጠፋል» አሉት። የመዝገቡ ግልባጭ ላይ ግን «ዋስትናው ታልፏል» (ማለትም አልተፈቀደም) ብቻ ነው ያለው፤ ጸሐፊዋ የምትጽፈው ዳኛው የሚያስጽፏትን ነዋ!

በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 75 የዋስትና ይግባኝ 20 ቀን ነው፤ 9ኙ አልፏል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 (የእኩልነት መብትን) መጥቀስ ቀላል ነው፣ የጨነቀኝ ማስረጃው ነው። ችሎት የነበሩ 3 ሰዎች ቃለ መሐላ ቢሰጡ ይበቃል? «ዳኛው ይነሱልን» የሚለው አቤቱታስ ለዚያው ችሎት ነው ወይስ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት? ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ጎን ለጎን ማመልከት ይግባኙን ያዘገየዋል? እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ያዘጋጀ ጠበቃ ካለ፣ እባካችሁ ቶሎ።