ውሻ ወይም ድመት መርዝ ቢበላ ቤት ውስጥ ምን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ?

የቡቺ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ውሻዬ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ የአይጥ መርዝ መርጨት ጀምረዋል። አንዳንዱ ወተት አጠጪው ይለኛል፣ አንዳንዱ ጨው በጥብጠሽ አስመልሺው። ይሠራል? ድመትም አለችኝ።

የከብት ሐኪም፦
ሁለቱንም ተዪያቸው። ወተት መርዝ አያከሽፍም፣ ጨው ሲበዛ ራሱ ይመርዛል። በረኪና ወይም ላምባ ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ ማስመለስ የባሰ ነው፤ በረኪናው ሲወጣ ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥላል፣ ላምባው ሳንባ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ለእንስሳት ክሊኒክ ደውዪ። ምን በላ፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ ክብደቱስ ስንት ነው ይሉሻል፤ ስለዚህ ክብደቱን ዛሬውኑ መዝኚና ሌሊት ከሚሠራ ክሊኒክ ስልክ ጋር አንድ ላይ ጽፈሽ ለጥፊው።

የአይጥ መርዝ ተንኮለኛ ነው። ብዙው ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለሆነ ምልክቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ እስከዚያ ውሻው ይበላል፣ ይሮጣል። ሲበላ ካየሽው "ደህና ነው እኮ" ብለሽ አትቀመጪ። ለዚህኛው ቫይታሚን ኬ1 አለ፣ በጊዜ ከተጀመረ ያድናል። ብሮሜታሊን የሚባለው ሌላው የአይጥ መርዝ ከሆነ ግን ማርከሻ የለውም። የጎረቤቶችሽን የመርዝ ካርቶን ፎቶ አንሺ።

ሁለት ድመት፦
ለድመቷ ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት! አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ሊገድላት ይችላል። የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም ፐርሜትሪን የሚባለው የተባይ ማጥፊያ ካለበት አትቀቢያት። ሊሊ አበባ ቤት ካለ አውጪው፣ ብናኙን ከፀጉሯ ላይ ብትልስ እንኳ ኩላሊቷ ይጎዳል።

ጃክ፦
ኧረ አታካብዱ፣ የኔ ውሻ ቸኮሌት ይበላል ምንም አልሆነም።

የከብት ሐኪም፦
የወተት ቸኮሌት ትንሽ ቁራሽ ይሆናላ፣ ውሻህም ትልቅ ነው። ጥቁሩን ትንሽ ውሻ ቢበላው ልቡ በኃይል ይመታል፣ ይንቀጠቀጣል። ዘቢብና ወይን፣ ዛይሊቶል (በስኳር ምትክ የሚገባ ማጣፈጫ) ያለበት ማስቲካም ውሻን ይመርዛሉ፤ ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ያወርዳል።

የቡቺ እናት፦
እሺ ሐኪም፣ ተባረክ። ሲወሰድስ ቢናከስ?

የከብት ሐኪም፦
ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል፣ አፉን በሻሽ ማሰር ትችያለሽ። የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ ግን በፍጹም አትሰሪው፣ ብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ውሰጂው። ድመቷን በመያዣ ሳጥን።