ለወንድሜ መልስ ከመስጠቴ በፊት የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዴት ልለይ?

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በአባታችን የአርባ ቀን ተዝካር ላይ ታላቅ ወንድሜ ካህናቱና የእድሩ ሰዎች በተቀመጡበት የአባታችንን ገንዘብ ደብቋል ብሎ ስሜን አጠፋ። እናታችን ይህን ሰምታ በነጠላዋ ፊቷን ስትሸፍን አይቻለሁና ነገሩ ከልቤ አልወጣም። አባታችንን ያስታመምሁት እኔ ነኝ፤ የመድኃኒቱም ደረሰኝ በእጄ አለ። ሆኖም ሽማግሌ ሰብስቤ ደረሰኙን ልዘርጋ ወይስ ዝም ልበል የሚለውን እግዚአብሔርን ሳልጠይቅ መወሰን አልፈለግሁም።

ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ዳዊት ናባል በተባለ ባለጠጋ በተሰደበ ጊዜ እግዚአብሔርን ሳይጠይቅ 400 ያህል ሰዎች አስከትሎ ሰይፍ ታጥቆ ወጣ፤ ደም ከማፍሰስ የመለሰችውም የናባል ሚስት አቢግያ ናት። የሚኖርባት ከተማ ጺቅላግ በተቃጠለች ጊዜ ግን ኤፉዱን፣ ማለት የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚጠየቅበትን የካህን ልብስ፣ አስቀርቦ ቢጠይቅ ጠላቶቹን እንዲከተላቸው ተነገረው። ስለዚህ የጸሎት መልስ ሁልጊዜ «ዝም በል» ነው ለማለት አልደፍርም። እኔም ስጸልይ የሚመጣልኝ «ተናገር» የሚል ሐሳብ ነው፤ ከእግዚአብሔር ይሁን ከቁጣዬ ግን መለየት አቅቶኛል።

በማቴዎስ 18፥15 እንደተጻፈው መጀመሪያ ብቻውን ላነጋግረው፣ ወይስ ክሱ በሰው ፊት የተነገረ ስለሆነ የንስሐ አባታችንን ይዤ ልሂድ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ የራሳችሁን ስሜት ከእግዚአብሔር ምሪት በምን እንደለያችሁት እባካችሁ ጻፉልኝ።