«አንቲል» ነው «ባይ»? አለቃዬ ሳቀችብኝ

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ አንድ ነገር ገላግሉኝ። ትናንት ለአለቃዬ «አይ ዊል ሴንድ ዩ ዘ ሪፖርት አንቲል ፍራይደይ» ብዬ ኢሜይል ጻፍኩ። እሷ ኬንያዊት ናት፣ እንግሊዝኛዋ ውሃ ነው። «እስከ አርብ በየቀኑ ልትልክልኝ ነው?» ብላ ከሳቅ ምልክት ጋር መለሰችልኝ። እኔ ለማለት የፈለግኩት እስከ አርብ እልክልሻለሁ ነው። «እስከ» ማለት «አንቲል» አይደል እንዴ? መዝገበ ቃላቱም እንደዛ ነው የሚለው።

ሻይ በዝንጅብል፦
አይዞህ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ጥፋቱ የ«እስከ» ነው። በአማርኛ «እስከ አርብ ቢሮ ነኝ» እንላለን፣ «እስከ አርብ እጨርሳለሁ»ም እንላለን፣ አንዷ ቃል ሁለቱንም ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ከፍሎታል። ነገሩ የሚዘልቅ ከሆነ፣ እንደ መቆየት፣ መጠበቅ፣ መተኛት፣ «አንቲል» ነው። አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ፣ እንደ መላክ፣ መክፈል፣ መጨረስ፣ «ባይ» ነው። ያንተ «ባይ ፍራይደይ» መሆን ነበረበት። እኔ ስጠራጠር «እስከ»ን አውጥቼ «ቢዘገይ ቢዘገይ» እላለሁ። «ቢዘገይ ቢዘገይ አርብ እልካለሁ» ያስኬዳል፣ ስለዚህ «ባይ»። «ቢዘገይ ቢዘገይ አርብ ቢሮ ነኝ» ግን ምንም ስሜት አይሰጥም።

ጠያቂው፦
«ቢዘገይ ቢዘገይ»ዋን ወድጃታለሁ። ግን «አይ ወንት ፊኒሽ አንቲል ፍራይደይ» ሲሉ እሰማለሁ። መጨረስ አንዴ የሚያልቅ ነው አላልሽም?

የማታ ተማሪ፦
መጨረስ አንዴ ነው፣ አለመጨረስ ግን ይዘልቃላ! እስከዚያ ድረስ ሳይጨርስ ይቆያል ማለት ነው። አረፍተ ነገሩ «ከአርብ በፊት አትጠብቁኝ፣ አርብ ግን ያልቃል» ነው የሚለው። «አይ ወንት ፊኒሽ ባይ ፍራይደይ» ካልክ አርብም ይመጣል፣ ሥራው አላለቀም። ለአለቃ ሁለቱ በጣም የተለያዩ ዜናዎች ናቸው።

ቀለል አርገው፦
ምን አስጨነቃችሁ? እኔ ሁሌ «ቢፎር ፍራይደይ» ብዬ እገላገላለሁ።

የማታ ተማሪ፦
እሱ እኮ ሐሙስ ነው የሚያስጨርስህ 😂

ጡረታ የወጣሁ መምህር፦
ልጆች፣ አጻጻፉንም ያዙ። «አንቲል» መጨረሻው ላይ አንድ «ኤል» ብቻ ነው ያለው፣ «ቲል» ግን ሁለት። ብዙ ተማሪ «ቲል» የ«አንቲል» አጭሩ እየመሰለው ከፊቱ አፖስትሮፍ ይለጥፍበታል። አያስፈልግም። እንዲያውም በዕድሜ የሚበልጠው «ቲል» ነው። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን «አንቲል» ይሻላል።

ካዛንቺስ ማዶ፦
ቀኑን ብቻ አትጻፍ፣ ሰዓቱንም ጨምር። «ባይ ፍራይደይ» አብዛኛውን ጊዜ አርብን ራሱን ይጨምራል፣ ግን ጠዋት ይሁን ማታ ማን ያውቃል? እኔ አንዴ ለውጭ ደንበኛ በኛ 11 ሰዓት፣ ማለትም ከሥራ መውጫ ላይ፣ ለማለት «ባይ 11» ብዬ ላክሁ። ሰውየው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ደውሎ «ፋይሉ የታለ?» አይለኝም! ለካ በሱ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። «ባይ 5 ፒኤም» ማለት ነበረብኝ።

ጠያቂው፦
«ባይ ፍራይደይ፣ 5 ፒኤም» ብዬ አስተካክዬ ላክሁላት። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሪፖርቱን ልጀምር። በዚያው ግን፣ «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ባጀት» ልክ ነው?

ሻይ በዝንጅብል፦
«አባውት»ን አውጣት። «ስለ በጀቱ ተወያየን» የምትለዋ «ስለ» ናት ሾልካ የገባችው። «ዊ ዲስከስድ ዘ ባጀት»፣ በቃ።