ጥቆማ፦ ለትንሽ ንግድ ማስታወቂያ የሚጽፍልኝ ማን ጋ ልሂድ? (አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ)

ጠያቂ፦

ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ ላውንደሪ ከፍቻለሁ። ለቴሌግራም፣ ለበራሪ ወረቀትና ለኤስኤምኤስ የሚሆን ጽሑፍ እፈልጋለሁ። ዲዛይን የሚሠራ ሞልቷል፤ ሰው የሚያነበው ነገር የሚጽፍ ግን አጣሁ። መሃል ከተማ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ። በጀቴ ትንሽ ነው።

መልስ፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ገበያ ያድርግልሽ። ለነጋዴ ዘመዶቼ ይህንኑ ሳፈላልግ ስለኖርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉት ማተሚያ ቤቶች በዋጋም በፍጥነትም የሚደርስባቸው የለም። ጽሑፉንም በነፃ እንጽፍልሽ ይሉሻል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተራቸው ውስጥ አንድ የተቀመጠ ጽሑፍ አለ። ፀጉር ቤቱም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ ያንቺም ላውንደሪ ስም ብቻ እየተቀየረ ይገባበታል፦ «ድርጅታችን በዘመናዊ መሣሪያዎችና በሠለጠነ የሰው ኃይል ከፍተኛ ጥራት ያለው አገልግሎት ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን እየሰጠ ይገኛል።» ይህን አንብቦ ሸሚዙን ተሸክሞ የሚመጣልሽ ሰው የለም። ለኅትመቱ እነሱ ጋ ሂጂ፣ ጽሑፉን ግን ይዘሽ ሂጂ። ደግሞ ፋይሉን በዩኒኮድ (በየስልኩ በሚነበበው የፊደል አጻጻፍ) ስጡኝ በያቸው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ከሆነ ወረቀት ላይ ያምራል፣ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊው ግን የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ካዛንቺስና ቦሌ ያሉት ማስታወቂያ ድርጅቶች ጎበዝ ጸሐፊ አላቸው። ችግሩ ጽሑፍ ብቻውን አይሸጡም፤ ከቪዲዮ፣ ከፎቶና ከገጽ አስተዳደር ጋር በወር ፓኬጅ ነው። ለአንድ ላውንደሪ ይከብዳል። ቅርንጫፍ ስትከፍቺ ተመለሺባቸው።

ብዙ ተከታይ ያላቸው የቴሌግራም ቻናሎች የሚሸጡልሽ የማስታወቂያ ቦታ ነው። ጽሑፉን ቢያዘጋጁልሽ እንኳ በኢሞጂና በ«ፍጠኑ! ፍጠኑ!» የተሞላ ነው። ተከታዩ ደግሞ ከየክፍለ ከተማው የተሰባሰበ ነው። ከአያት ሱፉን ለማሳጠብ አራት ኪሎ ድረስ ማን ይመጣል?

ሬዲዮ ለጊዜው ይቆይሽ።

ቻትጂፒቲም ሆነ ሌላው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በነፃ ይረዳሻል። አማርኛው ግን መግለጫ መግለጫ ይላል። አንዳንዴም በአንድ አንቀጽ ውስጥ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «አንተ» ብሎ ይጨርሳል። ሐሳብ ለማፍለቅ ተጠቀሚበት፣ የሰጠሽን እንዳለ አትለጥፊው።

እኔ ብሆን የምመርጠው በግሉ የሚሠራ ኮፒራይተር (የማስታወቂያ ጽሑፍ ጸሐፊ) ነው። ስድስት ኪሎ ጋዜጠኝነት ወይም አማርኛ የሚማሩ ልጆች ውስጥ እጃቸው የሚጣፍጥ አሉ፣ ዋጋቸውም አይጎዳም። ግን አመራረጡ ላይ ጠንከር በይ። የሠራኸውን አሳየኝ ከማለትሽ በፊት ምን እንደሚጠይቅሽ ስሚ። «ደንበኞችሽ እነማን ናቸው? ስንት ሰዓት ይመጣሉ? ሲመጡ ምን ይላሉ?» ካለ ያዢው። ምንም ሳይጠይቅ «ነገ እልክልሻለሁ» ካለ ተዪው፤ የሚልክልሽ ያንኑ የማተሚያ ቤቱን ጽሑፍ ነው።

መልሱ ደግሞ ያለው አንቺው ጋ ነው። አንድ ሳምንት ባንኮኒው ላይ ደብተር አስቀምጪና ደንበኛ የሚልሽን እንዳለ ጻፊ። «ለማታ ይደርስልኛል?» «ቀለሙ አይለቅም?» «ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ።» አራት ኪሎ የቢሮ ሰው ይበዛል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ደጋግሞ ሳይመጣ አይቀርም። ታዲያ ማስታወቂያሽ የዚያ መልስ ይሁን፦

«ጠዋት ሱፍዎን ይስጡን፣ ማታ ተተኩሶ ይውሰዱ። አራት ኪሎ፣ ከአብርሆት ጀርባ።»

አለቀ። ጥራት የሚል ቃል የለውም፣ ግን ሰውየው ምን እንደሚያገኝ ገብቶታል። (ማታ ማድረስ የማትችዪ ከሆነ ግን እንዳትጽፊው! የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ከአዲስ አበባ አንደኛ» የሚሉትን ሳይ ማስረጃ ቢጠየቁ ምን ሊያቀርቡ ነው እላለሁ።)

ሌላ አስተያየት፦

በተባለው እስማማለሁ፣ አድራሻ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከፒያሳ በ2016፣ ከካዛንቺስ በ2017 ብዙው ሲፈርስ ስንቱ ምልክት አብሮ ሄደ። ዛሬም «ከእገሌ ካፌ ጎን» የሚል ካርድ የሚያድል አለ፤ ካፌው ግን የለም። የማይነሳ ነገር ምረጪ፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነው፣ ፒያሳ ቢሆን ጊዮርጊስን ወይም የዓድዋ መታሰቢያን እልሽ ነበር። የጎግል ማፕ ሊንክም ጨምሪ።

እባክሽ ደግሞ ዋጋ ጻፊ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ ሳይ እዘለዋለሁ፣ እንደኔ የሚያደርግም ብዙ ነው። ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ እንደሚቀያየር አውቃለሁ። በራሪ ወረቀቱ ላይ ተዪው፣ ቴሌግራም ላይ ግን አስፍሪውና ሲቀየር አርሚው። ለማረም አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጠያቂ፦

እግዜር ይስጥልኝ! ደብተሩን ዛሬ እጀምራለሁ። ኤስኤምኤሱ በአማርኛ ሲሆን ዋጋው ይወደዳል የሚባለውስ እውነት ነው? በላቲን ፊደል ብጽፈውስ?

መልስ፦

እውነት ነው። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል እስከ 160 ሆሄ ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይሄዳል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ። በላቲን የተጻፈ አማርኛን ደግሞ ወጣቱ ይለምደዋል እንጂ ሱፍ የሚያሳጥቡት አባቶች ፊደል ሲለቅሙ ይሰለቻሉ። ከላይ የጻፍኩልሽን ቁጠሪው፣ 48 ነው። ስልክ ቁጥርሽን ከነክፍት ቦታው ጨምረሽ 59። የሱፍ ማሳጠቢያ ዋጋም በቀረችው 11 ቦታ ይገባል፣ «ሱፍ» ብለሽ ቁጥሩንና «ብር» ብትጨምሪ ይበቃል። የላውንደሪውን ስም አትድገሚ፤ ላኪው ላይ በስምሽ እንዲወጣ የሚልክልሽን ድርጅት ቀድመሽ ጠይቂ።