ጥቆማ፦ አበባ በእጅ የተሳለበት የሕፃናት ልብስ የት ላሠራ?

ጠያቂዋ (ከአያት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሦስት ዓመት ልጄና የስምንት ወር ወንድሟ ለእንቁጣጣሽ የሚለብሱት፣ አደይ አበባ በእጅ የተሳለበት ነጭ የጥጥ ልብስ ማሠራት ፈልጌአለሁ። ሰሚት አካባቢ በቤቷ የምትሥል ልጅ አለች፤ ሽሮ ሜዳም ተሠርቶ የሚሸጥ አይቻለሁ፤ አለዚያ ቀለሙን ከመርካቶ ገዝቼ ራሴ እሞክራለሁ። ማወቅ የምፈልገው ዋጋውን ሳይሆን፣ ከታጠበ በኋላ የትኛው እንደሚበረክት ነው።

ከለቡ፦ ሽሮ ሜዳ ካለችው ደንበኛዬ ሌላ አላውቅም። የሠርጌንም የልጆቼን ክርስትናም ልብስ የሠራችው እርሷ ናት። የተሳለ ልብስ እንኳ ከእርሷ ገዝቼ አላውቅም፤ ጥልፏን ያየ ሰው ግን ሥዕሏን አይጠራጠርም።

ከገላን፦ እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ቀብድ ተቀብሎ ሁለት ሳምንት ካመላለሰኝ በኋላ ለልጄ ልደት የሰጠኝ ቀሚስ፣ ገና በመጀመሪያው እጥበት ቢጫው ወደ ነጩ ፈሰሰ፣ ቀዩም እንደ ቅርፊት ተላጠ። ይዤው ስመለስ «በሙቅ ውኃ አጥበሽው ነው» ተባልኩ፤ ሲሸጡልኝ ግን ስለ ውኃ ያነሣ አልነበረም።

ከሰበታ፦ ጥፋቱ የቀብዱ ነው። ከግማሽ በላይ መክፈል አይገባም፤ የሚረከቡበትንም ቀን በጽሑፍ ያስይዙ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ካልታጠበ ብቻ የሚያምር ከሆነ መስታወት አስገብተን ሳሎን እንስቀለው፤ ልጁን በካናቴራ እናሳድገዋለን።

ከለገጣፎ፦ የኮምፒውተር ጥልፍ ያሠሩ፤ ቀለም አይለቅም፣ በአንድ ቀንም ይደርሳል።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ፤ የጠየቅሁት ግን ስለ ሥዕል ነው። እኛ በልጅነታችን ወንዶቹ በወረቀት የሚያዞሩት የእንቁጣጣሽ አበባ እጅ የነካው በመሆኑ ነበር የሚያምረው።

ከቡራዩ፦ በጨርቅ ላይ እሥላለሁና የማውቀውን ልጻፍ። ብዙ ደንበኞች ከስልካቸው የሚያሳዩኝ፣ ቅጠሉ በአንድ የብሩሽ ጭረት ወፍሮ ጀምሮ ቀጥኖ የሚያልቀው አበባ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የዩክሬን መንደር የፔትሪኪቭካ አሳሳል ነው። ያ ጥበብ የኖረው በቤት ግድግዳና በዕቃ ላይ በመሆኑ እጥበት አያሰጋውም፤ ወደ ልብስ ሲመጣ ግን ከአሳሳሉ ይልቅ ቀለሙና አያያዙ ይወስናል። የግድግዳ ቀለም ጨርቅ ላይ ይሰነጠቃል፤ የጨርቅ ቀለም ይጠይቁ። አዲስ ጨርቅ ስታርቹ እንዲለቅ አስቀድሞ ይታጠባል። ቀለሙ ስስ ሆኖ ተቀብቶ አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ልብሱ ተገልብጦ ያለ እንፋሎት በካውያ ለጥቂት ደቂቃዎች ይተኮሳል፤ የገላኗ እህታችን ቀሚስ የተላጠው ምናልባት ይህ ስለተዘለለ ይሆናል። ከዚያም ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃና ያለ በረኪና ይታጠባል። ፈትል ሽመናው ሳሳ ያለ በመሆኑ ቀለሙ በክፍተቱ ይሾልካል፤ ጠበቅ ያለ የጥጥ ጨርቅ ይመረጣል። የስምንት ወሩ ልጅ አንገትጌውንና እጅጌውን ስለሚያኝክ፣ አበባውን ከቀሚሱ ታችኛው ጫፍ ላይ ያሥሉት። ሰሚት ያለችውን ልጅ «ትተኩሺዋለሽ ወይ?» ብለው ቢጠይቋት መልሷ ብዙ ይነግርዎታል።

ከገላን፦ እኔ ግን ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ገንዘቤም አልተመለሰልኝም።

ከለቡ፦ ይህ ሁሉ ድካም ከሚመጣ ደንበኛዬ ጋ ይሂዱ።

ጠያቂዋ፦ የቡራዩ ወንድማችንን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ሥዕሉ ደርቆ መብራት ቢጠፋብን፣ በማግስቱ ቢተኮስ ይበላሻል?

ከቡራዩ፦ አይበላሽም፤ ሳይተኮስ እንዳይታጠብ ብቻ ይጠንቀቁ።

ከጀሞ፦ እህቴ፣ በመጨረሻ የትኛውን መረጡ? እኔም ለልጄ ላሠራ ነበር።

ከለቡ፦ ሽሮ ሜዳ ነው የሚሄዱት።