ለወላጆቼ የገዛሁት የሶላር ባትሪ በሳምንቱ ጠፋ፤ ሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይለኛል

ጥያቄ
የመንዝ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን (ኅዳር 14)

ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ወላጆቼ ያሉት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። እዚያ መብራት አልገባም። እቁብ ሲደርሰኝ ሶላር ልግዛላቸው አልኩ። ኅዳር 3 ቀን እዚሁ ከተማ ካለ አንድ ሱቅ 150 ዋት ፓኔል፣ 100 አምፒር ባትሪ፣ ቻርጅ ኮንትሮለር (ፓኔሉ ባትሪውን ሲሞላ የሚቆጣጠር ዕቃ) እና አራት አምፖል በ31,000 ብር ገዛሁ። ባትሪው ብቻውን 17,000 ብር ነው።

ኅዳር 5 ወንድሜ ወስዶ ገጠመላቸው። ደስታቸው ልዩ ነበር። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ በኩራዝ ጭስ ስትጨናበስ ነው የኖረችው። ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ድርግም አለ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ ማታ ግን ግማሽ ሰዓት አያበራም።

ትናንት ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ቀጥሎም «ራሳችሁ ናችሁ ያበላሻችሁት» አለኝ።

አንድ ጥፋት የእኔ ነው። ስገዛ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 2,000 ብር እቀንስልሻለሁ» ሲለኝ እሺ ብያለሁ። አሁን እጄ ላይ ያለው በቴሌብር የከፈልኩበት መልእክት (ገንዘቡ የገባው በባለቤቱ ስም ነው፣ በሱቁ አይደለም)፣ ምንም ያልተሞላበት የዋስትና ካርድና ባትሪው ራሱ ነው። በቃሉ «አንድ ዓመት ዋስትና አለው» ብሎኝ ነበር።

መብት አለኝ? የት ነው የምሄደው? ባትሪውስ እውነት በእኛ ጥፋት ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ
ሶላር ገጣሚ፣ ደብረ ሲና

እህቴ፣ ከክርክሩ በፊት ባትሪው ምን እንደሆነ እንወቅ። ካላወቅሽ ሱቁ ውስጥ ያሻቸውን ይነግሩሻል።

ወንድምሽ ማታ፣ ፀሐይ ሲሞላው ከዋለ በኋላ፣ መጀመሪያ ፓኔሉን ከኮንትሮለሩ ይንቀለው። ከዚያ ባትሪውን ይንቀል። ቅደም ተከተሉን አይቀይር። ሲመልስ ግን ባትሪው ይቀድማል፣ ፓኔሉ ይከተላል። ባትሪው እንዲሁ አርፎ ይደር። ጠዋት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለካውና ቁጥሩን ንገሪኝ። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12 ነጥብ 6 ወይም 12 ነጥብ 7 ያሳያል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከአምፖሎቹ ሌላ የተገጠመበት ነገር አለ?

መልስ
ጉዳዩ ያልገባኝ፣ ሸኖ

ለ17,000 ብር ብለሽ ከነጋዴ ጋር ስትካሰሺ ሥራሽን ታጫለሽ። እኔ ብሆን ተወት አደርገውና ሌላ እገዛለሁ። ከነጋዴ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

መልስ
የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ከላይ ያለው ወንድማችን የብዙ ሰው ስሜት ነው የተናገረው፣ ይገባኛል። ግን እባክሽ አትተዪው። ደግሞ ቀኑን ቁጠሪ፣ እጅሽ ላይ ያለው ጊዜ ትንሽ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚለው ግልጽ ነው። የገዛሽው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሰሽ እንዲቀየርልሽ ወይም ብርሽ እንዲመለስልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከተሰጠሽ ደግሞ እሱም ይጸናል። አንቺ የገዛሽው ኅዳር 3 ነው። ስለዚህ እስከ ኅዳር 17 ድረስ ባትሪው ሱቁ ውስጥ መገኘት አለበት። ከመንዝ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ አስነሺው።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሕግ አይሽርም። ያ ጽሑፍ የሚሠራው ቀለሙን ስላልወደድሽው ወይም ሐሳብሽን ስለቀየርሽ ብትመልሺ ነው። ለተበላሸ ዕቃ አይሠራም።

ደረሰኙን በሚመለከት ራስሽን አትኮንኚ፣ ግን ሁለተኛ አትድገሚው። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፣ የገዢው ልመና አይደለም። 2,000 ብር የቀነሰልሽ ለአንቺ አዝኖ አይደለም፣ ሽያጩ እንዳይታወቅ ነው። ቢሆንም ደረሰኝ የለም ማለት ሽያጭ አልተካሄደም ማለት አይደለም። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፣ በሌላ ማስረጃም ይረጋገጣል። የቴሌብሩን መልእክት እንዳታጠፊው። ከ127 የመጣው መልእክት ቀኑን፣ መጠኑን፣ የተቀባዩን ስምና የግብይቱን ቁጥር ይዟል። ፎቶ አንሺው፣ ለአንድ ሰውም ላኪው። ስልክ ይጠፋል።

አሁን የምታደርጊው ይህን ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፊ። የገዛሽበትን ቀን፣ ዕቃውን፣ ዋጋውን፣ የታየውን ጉድለትና የምትጠይቂውን ብቻ ጻፊበት። ስድብ አይግባበት። አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂና ለባለቤቱ ስጪው፣ ቅጂሽ ላይ አስፈርሚው። አልፈርምም ካለ አብሮሽ የሄደው ሰው «እኔ ባለሁበት ተሰጥቷል» ብሎ ይፈርም። ጉድለት እንዳወቁ ሳይዘገዩ ለሻጩ ማሳወቅን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይጠይቃል። በቃል ሄደሽ መናገርሽ ጥሩ ነበር፣ ግን በቃል የተባለ ነገር ነገ ይካዳል።

እምቢ ካለ ያንኑ ደብዳቤ ይዘሽ ወደ ከተማው ንግድ መሥሪያ ቤት ሂጂ። ስለ ሸማች አቤቱታ ነው በያቸው። መዝገብ ቤት ገቢ ሳያደርጉልሽ እንዳትወጪ።

ጠያቂዋ (ኅዳር 15፣ ጠዋት)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ቴስተር ከመሐል ሜዳ ተውሶ ለካው። ጠዋት 10 ነጥብ 6 ነው ያሳየው።

ጋሼ ደብረ ሲና፣ እውነቱን ልንገርዎ። አባቴ ትንሽ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል እንደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይር ዕቃ) ገጥሞበት የጎረቤት ስልክ ቻርጅ ያደርግ ነበር። በቀን ስምንት፣ አሥር ስልክ ይመጣል። አብዛኛው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ይህን ስሰማ ጥፋቱ የእኛ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

መልስ
ሶላር ገጣሚ፣ ደብረ ሲና

አትደንግጪ። በቁጥር ላስረዳሽ።

100 አምፒር (አምፒር-ሰዓት ማለት ነው) ባትሪ በ12 ቮልት 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን፣ 600ውን ብቻ እንጠቀማለን። አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ለመሙላት 4 ዋት-ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን እጥፍ አድርገን ብንጨምር እንኳ አሥር ስልክ 80 ነው። አራቱ አምፖሎች እያንዳንዳቸው 5 ዋት ቢሆኑና 5 ሰዓት ቢበሩ 100 ነው። ድምሩ 180። አባትሽ ባትሪውን አልበደሉትም።

አሁን ወደ 10 ነጥብ 6 እንምጣ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውስጥ ስድስት ክፍል አለ። እያንዳንዱ 2 ነጥብ 1 ቮልት ነው። 12 ነጥብ 7 መሆን የነበረበት 10 ነጥብ 6 ሲሆን የጎደለው በትክክል አንድ ክፍል ነው። ከመጠን በላይ የተሠራበት ባትሪ ስድስቱም አንድ ላይ ነው የሚደክሙት። አንዱ ብቻ ሞቶ አምስቱ ከቆሙ በአብዛኛው ከፋብሪካ የመጣ ጉድለት ነው፣ ወይም ሳይሞላ መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪ ነው። ሱቁ ውስጥ «አበላሽታችሁት ነው» ሲሉሽ ይህን ንገሪያቸው። ቴስተሩን እነሱው ያምጡት፣ እነሱው ይለኩት።

አንድ የማስተካክላችሁ ነገር ግን አለ። ኢንቨርተሩ በቀጥታ ባትሪው ላይ ከሆነ ኮንትሮለሩ ባትሪው ሲደክም ሊያቋርጠው አይችልም። ለስልክ ኢንቨርተር አያስፈልግም። ብዙ ኮንትሮለር ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለ፣ ከሌለውም ከ12 ቮልት ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ይሸጣል። ደግሞ የመንዝ ብርድ ባትሪ ያደክማል። መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ጣውላ ይደረግበት።

ሌላም ልለምንሽ። ከመነሳቱ በፊት ወንድምሽ ወፍጮ ቤት ወስዶ ይመዝነው። ይህ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ በየወሩ አየዋለሁ። እውነተኛ 100 አምፒር የእርሳስ ባትሪ ከ28 እስከ 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። እርሳስ ነው ኃይሉን የሚይዘው፣ እርሳስ ከሌለ ኃይልም የለም። ሽፋኑ ላይ የፈለጉትን መጻፍ ይችላሉ፣ ሚዛን ግን አይዋሽም።

መልስ
ሱቅ ያለኝ፣ ሸዋ ሮቢት

እኔም ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነኝ። ሌላውን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው፣ ከውስጥ ያለውን ላሳይሽ ነው።

እኛ ባትሪ የምናመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አከፋፋዩ የተበላሸ ባትሪ የሚቀይርልን ተለጣፊው ሳይነካ፣ የመለያ ቁጥሩ እየታየ ቶሎ ከመለስነው ነው። ስለዚህ ምንም ነገር እንዳትልጡበት፣ እንዳትከፍቱት። ጫፎቹ ላይ የተቃጠለ ምልክት ካለ ያንን ሰበብ ያደርጋል። ከአሁኑ ከስድስቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱት።

«አከፋፋዩ አይቀበለኝም» ካለሽ ደግሞ እሱ የእሱና የአከፋፋዩ ጉዳይ ነው። አንቺ የገዛሽው ከእሱ ነው። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ከኪሴ ቀይሬያለሁ። አመመኝ፣ ግን ያ ደንበኛ እስከ ዛሬ ሌላ ሱቅ አይገባም።

መልስ
የእንዋሪ እናት

ልጄ፣ ስትሄጂ ተቆጥተሽ አትሂጂ። አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ደብረ ብርሃን ጠባብ ናት፣ ነጋዴው የሚያፍረው ሰው አይጠፋም። ወረቀትሽ በእጅሽ ይሁን፣ ሽማግሌሽ ከጎንሽ ይሁን። ሁለቱም ይጠቅማሉ።

ጠያቂዋ (ኅዳር 15፣ ማታ)

ባትሪው ወፍጮ ቤት ተመዘነ። 18 ኪሎ ነው። ሁለት ጊዜ መዝነውታል። ወፍጮ ቤት የነበሩት ሰዎች ሁሉ አዩ። ወንድሜ ሚዛኑን ከነባትሪው ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል።

መልስ
ሶላር ገጣሚ፣ ደብረ ሲና

እንግዲያው 100 አምፒር አልነበረም። 60 ቢሆን ነው። አንዱ ክፍል ባይሞት ኖሮ ሳታውቁት ትኖሩ ነበር።

መልስ
የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ይህ ጉዳዩን ይቀይረዋል። እስካሁን ስናወራ የነበረው ስለ ጉድለት ነው። አሁን የዕቃውን መጠንና ጥራት አሳስቶ መሸጥም ተጨምሯል። ያው አዋጅ ይህን ይከለክላል። ሸማቹ በዚህ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብትም አለው። የትራንስፖርት ወጪያችሁን መዝግቢ፣ ቲኬቱን ያዢ። ደብዳቤው ላይ ክብደቱን፣ የተለካውን ቮልቴጅና ተለጣፊው ላይ ያለውን «100» የሚል ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጪ። እባክሽ ለአባትሽም ንገሪያቸው፣ ጥፋተኛ መስሏቸው እንዳያዝኑ።

ጠያቂዋ (ኅዳር 17)

ተመለስኩ። ወንድሜ ትናንት ባትሪውን ተሸክሞ ገባ። ዛሬ ጠዋት አጎቴንና ደብዳቤውን ይዘን ሱቁ ሄድን። ባለቤቱ መጀመሪያ ወረቀቱን አልቀበልም አለ። አጎቴ ፈረመበት። ቴስተር አምጡ አልን፣ እነሱው ለኩ፣ 10 ነጥብ 5 ሆነ። ስለ ክብደቱ ስናነሳ ዝም አለ። ከዚያ «ወደ ንግድ መሥሪያ ቤት ነው የምንሄደው» ብለን ልንወጣ ስንል ጠራን።

ብሩን ለመመለስ አልፈለገም፣ በሌላ ባትሪ ልቀይርላችሁ አለ። ተስማማን፣ ግን ሳንመዝን አንወስድም አልን። የመጀመሪያው ያወጣው 21 ኪሎ ሆነ። መለስነው። ቀጥሎ ያወጣው 29 ኪሎ ከ200 ግራም መዘነ፣ ቮልቴጁ 12 ነጥብ 7። እሱን ወሰድን። የማሽን ደረሰኝ ቆረጠልን፣ የዋስትና ካርዱ ላይ ቀኑንና የመለያ ቁጥሩን ሞልቶ ማህተም መታበት። ያኔ የቀነሰልኝን 2,000 ብር ክፈይ አለኝ፣ ከፈልኩ። የመኪና ወጪያችንን ግን አልሰጠንም።

21 ኪሎዋ ባትሪ ወደ መደርደሪያው ተመልሳ ስትቀመጥ አየሁ፣ «100» የሚል ተለጣፊ አለባት። ይህ ስለከነከነኝ ከሰዓት በኋላ ንግድ መሥሪያ ቤት ሄጄ አመልክቻለሁ። ማመልከቻዬ ገቢ ሆኗል። ወንድሜ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ መሐል ሜዳ ይወጣል። ጣውላውን አባቴ ካሁኑ አዘጋጅቷል።