ውድ ብስክሌትን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፦ የትኛው ቦታ፣ የትኛው ቁልፍ፣ የትኛው ግድግዳ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ለረጅም ጊዜ ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ በቅርቡ የካርቦን ፍሬም ያለው ብስክሌት ገዝቻለሁ። የምኖረው ብዙ ቤተሰቦች በሚጋሩት ሕንፃ የመጀመሪያው ወለል ላይ ሲሆን፣ ብስክሌቱን ላስቀምጥባቸው የምችላቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከሕንፃው ሥር ያለው የእኔ ድርሻ የሆነ ዕቃ ቤት ነው፤ በሩ ቀጭን ጣውላ ነው፣ የሚዘጋውም በጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ከመንገድ የሚታየው በረንዳዬ ነው። ሦስተኛው ከመግቢያው በር እስከ ሳሎን የሚዘልቀው ጠባብ መተላለፊያ ነው።

እስካሁን በዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ በፕላስቲክ በተሸፈነ የሽቦ ገመድ ቁልፍ ከመደርደሪያ እግር ጋር አስሬው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የጎረቤቴ ዕቃ ቤት ተሰብሮ ስላገኘነው እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ብስክሌት ከባድ ቁልፍ መግዛት ትርጉም ይኖረዋል ወይስ ትኩረቴን በሩ ላይ ማድረግ ይሻለኛል? ግድግዳ ላይ መስቀልስ ይጎዳዋል? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአንድ የበርና የብረት ሥራ ባለሙያ

ጠያቂያችን፣ የጎረቤትዎ ዕቃ ቤት ተሰብሮ ከሆነ ሰባሪው የእርስዎንም በር አይቶት አልፏል ብለው ማሰብ ይኖርብዎታል፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ እስኪስተካከል ድረስ ብስክሌቱን ዛሬውኑ ወደ ቤትዎ ያስገቡት።

ብዙ ሰው ከባድ ቁልፍን የመንገድ ዕቃ አድርጎ ያስበዋል፤ ብስክሌቱ ቤት ከገባ በኋላ በሩ ራሱ ቁልፍ ይሆነዋል ብሎ ያምናል። እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። መንገድ ላይ የሚሰርቅ ሰው አላፊ አግዳሚውን ስለሚፈራ የሚሠራው በጥድፊያ ነው፤ ከሕንፃ ሥር ያለ ዕቃ ቤት ውስጥ የገባ ሌባ ግን በሩን ከኋላው ገርበብ አድርጎ፣ ማንም ሳያየው፣ መሣሪያውን እየቀያየረ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚታሰረው ብስክሌት ከመንገዱ የበለጠ እንጂ ያነሰ ቁልፍ አያስፈልገውም።

ስለያዙት የሽቦ ገመድ በግልጽ ልንገርዎ። በውስጡ ያለው ተጠምዝዞ የተገመደ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ደህና የኬብል መቁረጫ ያገኘው እንደሆነ በጥቂት ሰከንዶች ይበጠሳል። የሚያስፈልግዎ በሙቀት የጠነከረ ብረት ሰንሰለት ነው። የአንዱ ቀለበት ውፍረት 16 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በእጅ ኃይል ብቻ የሚሠራ መቁረጫ አይበግረውም። እንዲህ ያለ ሰንሰለት ተሸክመው ብስክሌት ሊነዱ አይችሉም፤ ከቤት የማይወጣ በመሆኑ ግን ክብደቱ ችግር የሚሆነው ከሱቅ እስከ ቤት በሚሸከሙበት ቀን ብቻ ነው። ሲገዙ በገለልተኛ ተቋም የተፈተነ መሆኑን ይመልከቱ። በብሪታንያ ሶልድ ሴኪዩር የሚባለው ተቋም ቁልፎችን ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና አልማዝ በሚሉ ደረጃዎች ይመድባል፤ በኔዘርላንድስ ደግሞ ኤአርቲ የተባለው በኮከብ ብዛት ይለያል። ሻጩ ራሱ በማሸጊያው ላይ ያተመው «ከ10 ስንት» የሚል ቁጥር ግን የሻጩ እንጂ የፈታኝ አይደለም።

ጓደኛ ያገለገለ ቁልፍ ቢሰጥዎ የቁልፉን ቀዳዳ አይተው ይቀበሉ። ክብ ቱቦ የሚመስል ቁልፍ የሚገባባቸው የድሮ ቁልፎች እ.ኤ.አ. በ2004 በተራ እስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈቱ በቪዲዮ ታይተው፣ ክሪፕቶናይት የተባለው አምራች ለደንበኞቹ እስከ መቀየር ደርሷል። እንዲህ ያለውን ማንም ሰው ዛሬ ለዋጋ ያለው ነገር መጠቀም የለበትም።

ሰንሰለቱ ግን የታሰረበትን ነገር ያህል ነው የሚጠነክረው። የመደርደሪያ እግር በመፍቻ ይፈታል። ከወለል ወይም ከግድግዳ ጋር በቡሎን የሚታሰር የብረት ቀለበት ያስተክሉ፤ ወለሉ አርማታ ከሆነ ወለሉ ይመረጣል። ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ በውስጡ ያለው ብናኝ በሚገባ ተጠርጎና ተነፍቶ መውጣት አለበት፤ ቡሎኑ በማጣበቂያ የሚተከል ከሆነ ማጣበቂያው የሚይዘው አርማታውን እንጂ አቧራውን አይደለምና። የቡሎኑ ራስ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው ከሆነ፣ ካጠበቁት በኋላ ለጉድጓዱ የሚመጥን ትንሽ የብረት ኳስ በመዶሻ ይምቱበት። ኳሱ እዚያው ተሰንቅሮ ስለሚቀር ከዚያ በኋላ መፍቻ የሚገባበት ቦታ አይኖርም።

ሲያስሩም ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። መሬት የነካ ቀለበት በትልቅ መዶሻ ሲመታ ወለሉ ራሱ እንደ አንጥረኛ መስፍ ያገለግላል። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ምቱ ኃይሉን ያጣል።

ግሪንደርን፣ ማለትም በሚሽከረከር ድንጋይ ብረት የሚቆርጠውን መሣሪያ፣ በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ በባትሪ የሚሠራው ግሪንደር የማይቆርጠው የተለመደ ሰንሰለት የለም። እንደ ሂፕሎክ ዲ1000 እና ላይትሎክ ኤክስ1 ያሉ፣ የግሪንደሩን ድንጋይ እየበሉ የሚያዘገዩ ቁልፎች መጥተዋል፤ ዋጋቸው ከበድ ይላል፣ ለእንዲህ ያለ ብስክሌት ግን አይበዛበትም። ለማንኛውም ግሪንደር ይጮኻል፣ እሳት ይረጫል። ጩኸቱ የሚሰማበት ቦታ ላይ ማሰር ከቁልፉ እኩል ዋጋ አለው።

መልስ፦ ብስክሌቱ ከተሰረቀበት ሰው

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ከደረሰብኝ አንድ ነገር ልጨምር። ጥሩ ሰንሰለት ገዝቼ፣ ቀለበቱንም በግድግዳ ላይ አስተክዬ ነበር። የተሳሳትኩት ሰንሰለቱን በፊተኛው ጎማ ብቻ ማሳለፌ ላይ ነው። ጠዋት ዕቃ ቤቱን ስከፍት ሰንሰለቱ እንደ ታሰረ፣ ጎማው በውስጡ እንደ ቆመ አገኘሁት፤ ብስክሌቱ ግን አልነበረም። ያለ መፍቻ የምትፈታዋን የጎማ ማሰሪያ ዘንግ በጣቱ ገልበጥ አድርጎ ሄዷል። ቁልፉ ላይ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ሰንሰለቱ ሁልጊዜ በፍሬሙ ውስጥ፣ በተለይም በኋለኛው ሦስት ማዕዘን በኩል ከኋላው ጎማ ጋር አብሮ ይለፍ።

ሁለተኛው ነገር፣ ሌባው ወደ እኔ ቤት የመጣው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የምነዳበትን መንገድ ሁሉ ስትራቫ በሚባለው የጉዞ መመዝገቢያ መተግበሪያ ለሕዝብ ክፍት አድርጌ እመዘግብ ነበር፤ እያንዳንዱ ጉዞ የሚጀምረውና የሚያበቃው በራሴ ደጃፍ ላይ ነው፣ የብስክሌቱም ስም ከጎኑ ተጽፏል። በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ የመነሻና የመድረሻ ቦታን መደበቅ የሚቻል መሆኑን ያወቅሁት ከተሰረቅሁ በኋላ ነው። እባክዎ ዛሬውኑ ያስተካክሉት። የብስክሌቱን ካርቶን ሳይቀዳድዱ ከቤትዎ ፊት ለፊት አይጣሉ፤ በረንዳውን ደግሞ ከነጭራሹ ከሐሳብዎ ያውጡት፤ ከመንገድ የሚታይ ዕቃ ሌባ እንዲመርጠው የተሰቀለ ነው።

ዛሬ ማታ ብስክሌቱን ገልብጠው ከፔዳሎቹ መሃል ከሥር በኩል በፍሬሙ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ ያንሱት። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ደረሰኙንና የራስዎን ፎቶ ከብስክሌቱ ጋር አብረው ያስቀምጡ። እኔ ቁጥሩን ስላልያዝሁ፣ የእኔን የሚመስል ብስክሌት ሲሸጥ ባገኘው እንኳ የእኔ መሆኑን የማስረዳበት ነገር አልነበረኝም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንደ ባይክ ኢንዴክስ ያለ የምዝገባ አገልግሎትም ቁጥሩን አስቀድመው ላስመዘገቡ ይረዳል።

ኢንሹራንስ ካለዎት ውሉን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። አንዳንዱ ውል የቁልፉን ዓይነት ይወስናል፣ አንዳንዱ በር ተሰብሮ ካልሆነ አይከፍልም፣ አንዳንዱ ደግሞ የጋራ መተላለፊያን እንደ ቤት አይቆጥርም።

መልስ፦ ከብስክሌት ጠጋኝ

ስለ መስቀል ለጠየቁት። ጎማውን በመንጠቆ ይዞ ማንጠልጠል ለአብዛኛው ብስክሌት ጉዳት የለውም፤ የካርቦን ቸርኬ ካለዎት ግን የአምራቹን መመሪያ ይመልከቱ፣ መንጠቆውም በላስቲክ የተሸፈነ ይሁን። የካርቦን ፍሬምን በሚጨምቅ ማያዣ መያዝ ግን ፈጽሞ አይገባም። የፍሬሙ ቱቦ ቀጭን ነው፤ ሲጨመቅ የሚሰነጠቀው ከውስጥ ሊሆንና ለዓይን ላይታይ ይችላል። ከባድ ሰንሰለትም እንዲሁ ነው፤ ጨርቅ ያልለበሰ ሰንሰለት በየቀኑ ፍሬሙን ሲነካ ቀለሙን አልፎ ካርቦኑን ይፍቃል። አሮጌ ካላማዳሪያ ቀድደው ቢጠቀልሉበት በቂ ነው።

ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነና ተንጠልጥሎ ካደረ በኋላ እጀታው ቢልምብዎ፣ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። ብስክሌቱን አቁመው እጀታውን ደጋግመው ይጫኑት፤ ካልጠነከረ ሳይነዱት ያስጠግኑት።

ከሕንፃ ሥር ያለው ዕቃ ቤት እርጥብ ከሆነም አልወደውም። ካቴናው ይዝጋል፣ ቡሎኖቹም ይነክሳሉ።

መልስ፦ ባለ ባትሪ ብስክሌት ከሚነዳ

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። መተላለፊያው መውጫዎ ከሆነ፣ እሳት ቢነሳ በጨለማና በጢስ ውስጥ የሚያደናቅፍዎ ያው ብስክሌት እንዳይሆን ልኩን ይለኩ። የእርስዎ ባትሪ የለውም፤ ባትሪ ያለው ብስክሌት ያላችሁ ግን በመውጫ በር አጠገብ፣ በተለይም ተኝታችሁ ሳለ፣ ቻርጅ አታድርጉ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ብስክሌቱን ትናንት ማታ ወደ ቤት አስገብቻለሁ፤ የፍሬሙን ቁጥርም ፎቶ አንስቻለሁ። መተላለፊያውን ለካሁት፤ ብስክሌቱ ሲቆም ሰው በጎን ካልሆነ አያሳልፍም። ስለዚህ ያሰብኩት ሳሎን ውስጥ በአንዱ ግድግዳ ላይ በቁመት ለመስቀልና ከሥሩ ቀለበት ለማስተከል ነው። ችግሩ ግድግዳው በብሎኬት የተሠራ መሆኑ ነው፤ ስመታው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የመከታተያ መሣሪያ መደበቅስ ይጠቅማል?

የበርና የብረት ሥራ ባለሙያው

ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ብሎኬት መስቀያውን ሊይዝልዎ ይችላል፤ የደኅንነት ቀለበት ግን አይተከልበትም። ሲጠብቅ በቀዳዳው ውስጥ የሚሰፋው ቡሎን በብሎኬቱ ቀጭን ግድግዳ ላይ ብቻ ስለሚይዝ፣ በረጅም ብረት ፈልቀቅ ሲያደርጉት ከነልስኑ ቦድሶ ይወጣል። በሳሎኑ ጥግ ላይ የአርማታ ኮለን ካለ እዚያ ላይ ያስተክሉት፤ ከሌለ ወለሉ ላይ። ወለሉን ከመብሳትዎ በፊት ግን የውኃና የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበትን ያጣሩ፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነም ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

መከታተያውን ይደብቁት፤ ነገር ግን አይተማመኑበት። ኤርታግን የመሰሉት አብሮአቸው የሚጓዘውን እንግዳ ሰው በስልኩ እንዲያስጠነቅቁ ሆነው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ሌባው ራሱ ሊያገኘው ይችላል። ቦታውን ካሳየዎት ለፖሊስ ያስታውቁ፤ ብቻዎን አይሂዱ።

የዕቃ ቤቱን በርም አይተዉት። ቁልፉ የተንጠለጠለበት ማያያዣና ማጠፊያው በትንንሽ ቪቴ ብቻ የተያዙ ከሆነ ከውጭ በጠመንጃ መፍቻ ይፈታሉ። ቪቴዎቹን አውጥተው፣ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ከውስጥ በኩል በዳዶ የሚታሰር፣ ከውጭ ድቡልቡል ራስ ያለው ቡሎን ያስገቡባቸው።